ስምንተኛው መርዶ

እሑድ፣ ሰኔ 14 ቀን 2012

ይህ ደብተር የልጄ የሶልያና ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባዶውን ቀረ። እኔ ደግሞ የማወራው ሰው ካጣሁ ሦስት ወር ሊሞላኝ ነው። ደንበኛው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ይመጣል፣ በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ ዳቦውን ይቀበላል፣ ይሮጣል። ልጄ እንደሆነች አስራ ሰባት ዓመት ከሞላት ወዲህ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነገር አታወልቅም። ስለዚህ ለደብተሩ አወራለታለሁ። መቼስ እሱ «ማሚ፣ ይሄን እኮ ነግረሽኛል» አይለኝ።

የዛሬው ደግሞ እውነተኛ ወሬ ነው! አባዬ ከሆሳዕና ሚስኮል አደረገ፣ መልሼ ደወልኩ። ጆሮው ስለደከመ ሁለታችንም እንጮሃለን፤ ሰፈራችን ኮዝሞ ሲቲ በሙሉ ሳይሰማን አልቀረም።

«ሰርክአዲስ! ኮሪያ ማስክ ላከችልኝ!»

«ማን?»

«ኮሪያ ናታ! ለዘማቾቿ ልካለች። እኔም አንድ ፓኮ ደርሶኛል። ነጭ ነው፣ ንጹሕ!»

«ታዲያ አደረግከው?»

«በከንቱ ምን አስለበሰኝ? ለክብር ቀን አስቀምጬዋለሁ።»

ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «አባዬ፣ በሽታው የክብር ቀን አይጠብቅም» ብለው ዘጋብኝ። ዘጋብኝ እንጂ ደስታዬ ልክ የለውም። ከሰባ ዓመት በኋላ አንድ አገር ስምህን አልረሳም ማለት ቀላል ነገር ነው?

ሱቄ ውስጥ፣ ከስልክ ካርዱ፣ ከኤርታይሙ፣ ማስታወቂያ በላይ፣ ፎቶው ተሰቅሏል። የሃያ አንድ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ከኋላው በረዶ የለበሰ ተራራ። ሃምሳ አለቃ ሀቢሶ፣ የሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ዘማች። ባለፈው ወር ጎጎ ኖምሳ ዳቦ ልትገዛ መጥታ (እዚህ አያት ሁሉ ጎጎ ነው የምትባለው) ቀና ብላ አየችውና፣

«ማማ፣ ይሄ ንጉሣችሁ ነው?» አለችኝ።

«ንጉሣችን አይደለም፣ አባቴ ነው። ኮሪያ ሲዋጋ የተነሳው ነው።»

«የትኛዋ ኮሪያ? ቴሌቪዥን የምትሠራው?»

«አዎ። ያኔ ቴሌቪዥን አልነበራቸውም፤ አባቴ ነበር ያላቸው።»

ጌዴዎን ከወዲያኛው ግድግዳ ሰምቶ «በያቸው፣ ጄኔራል!» ብሎ ጮኸ። ሱቁ ከሱቄ ጎን ነው፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ። የፎንቆ ልጅ ነው፣ ከሆሳዕና ወጣ ብላ ያለች ከተማ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ ለእናቱ አንድ ነው። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ አገሩ ሳይገባ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» ሲል እሰማዋለሁ። እኔን ጄኔራል ነው የሚለኝ፤ ማሾፉ ነው። ይሹፍ። ደስ ይለኛል።

ሐሙስ ኮሪያ ከተወረረች ሰባ ዓመት ይሞላል። ዶሮ እሠራለሁ። ብዬያለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ብርድ። አጥንት የሚሰብር። ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ ወገቤን ቆረጠመኝ። የዚህ አገር ሰኔ እንዲህ ነው። ዝንጅብል ጠጣሁ። ጅምላ ሻጩ ሱፊያን የአገራችን ሰው ከሚነግድበት ከጄፒ ጎዳና በርበሬ አመጣልኝ። ሐሙስን ማንም አያስቀርብኝም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

መሰብሰብ ክልክል ነው። እኛ ግን አምስት ሰው ብቻ ነበርን፤ አምስት ሰው ስብሰባ ይባላል? ፓስተር ሙሉቀን፣ ሱፊያን፣ ጌዴዎን፣ እኔና ሶልያና። በሱቁ ጓዳ፣ ብርዱን ፈርተን በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርገን፣ ሄተሩን ለኩሰን።

የአባዬን ሜዳሊያ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩ። በደርግ ጊዜ የኮሪያ ዘማች መባል ስለሚያስጠረጥር አባዬ ሜዳሊያዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቆጮ ከሚብላላበት ጉድጓድ ሥር ቀብሯቸው ነበር። አስራ ሰባት ዓመት እዚያው ኖሩ። ስለዚህ እስከ ዛሬ ድረስ ቆጮ ቆጮ ይላሉ። ወደዚህ ስመጣ አንዱን ሰጠኝ፤ ሲከፋኝ ሳጥኑን ከፍቼ አሸተዋለሁ።

ጌዴዎን አነሳው፣ አፍንጫው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። «ፎንቆ! ቀጥ ብሎ የእማዬ ጓሮ!» አለ። እኔም ተቀብዬ ሳብኩት፤ ምንም።

«አልቋል እኮ ሽታው» አልኩት።

«ጄኔራል፣ አፍንጫሽም ጡረታ ወጣ እንዴ?»

ተሳሳቅን። ግን እንደዛሬ ወጥ አስቸግሮኝ አያውቅም። ብቀምሰው ብቀምሰው ጨው የለውም። የሱፊያንን በርበሬ በሆዴ ረገምኩ። ጨመርኩ፣ ቀመስኩ፣ ደግሜ ጨመርኩ። ፓስተር አንድ ጉርሻ ዋጡና ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ለካ ዛሬ ጾም ጸሎት ይዣለሁ» ብለው ሰሃኑን ገፋ አደረጉ። ሶልያና ቀምሳ ሮጣ ወጣች፤ የኮሪያ ኑድሏን ቀቅላ ተመለሰችና «ቀኑ የኮሪያ ነው አይደል?» አለችን። ሱፊያን ድሮም የእኛን ሥጋ አይበላም፣ ቴምሩን ይዞ ነው የመጣው። «አላህ ሲያወጣኝ» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

ጌዴዎን ብቻ በላ። ሦስቴ አስጨመረ። አንድ ጆግ ውሃ ጨረሰ።

«አንተ፣ ተው ካልጣመህ!»

«እትዬ ሰርኬ፣ አባትሽ ለኮሪያ ደሙን ከሰጠ እኔ ኩላሊቴን ብሰጥ ምን አለበት?»

ከዚያ እንደ ልማዴ የአባዬን ጀግንነት አወራሁ፦ መትረየሱን፣ ተራራውን፣ አንድም ሰው ሳይማረክብን መመለሳችንን። ጌዴዎን አጥንቱን እየጋጠ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ «አባትሽ ራሱ ስለ መትረየስ ሲያወራ ሰምተሽው ታውቂያለሽ? እኔ በስልክ ሳዋራው ሁሌ ስለ በረዶውና ስለ ቆርቆሮ ምግቡ ነው የሚነግረኝ።» ትንሽ አናደደኝ። ጀግና ሰው ራሱን አያወራም አልኩት። ሌላ ማን ያውራለት፣ እኔ ካላወራሁለት?

በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 23

ጌዴዎን ሲስል ዋለ። በግድግዳው በኩል እሰማዋለሁ። ሻይ በፍርግርጉ አሾለክሁለት። ሶልያና፣ «ማሚ፣ ጨው ያልሰማሽው እኮ በኮሮና ነው። ሲምፕተም ነው፣ ኦንላይን አለ» አለችኝ። ኦንላይን የሌለ ነገር አለ? እኔ ጉንፋን ነበር የያዘኝ፤ ይኸው ድኜ ቆሜአለሁ። እሱ ሰኞ ሰኞ ዕቃ ለማምጣት ታክሲ ይሳፈራል፣ አስራ አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ። ከታክሲ ነው።

አገር ቤት ኢንተርኔት ተቋርጧል። ስልክ ግን ይሠራል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 25

ጌዴዎን ሆስፒታል ገባ። በእግሩ ነው የገባው። ጋቢዬን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት። ነርሷ ከበሩ ወዲህ ማለፍ አይቻልም አለችኝ። ዘወር ብሎ፣

«ጄኔራል፣ ሱቄን ጠብቂ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ ሲሻለኝ ራሴ እነግራታለሁ» አለኝ።

ማታ ደወለ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ያ ወጥሽ... ውሃው እስካሁን ጠምቶኛል» አለኝ። የሚቀልድ ሰው ደህና ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 28

ጌዴዎን። ሊነጋጋ ሲል። ሆስፒታሉ ደወለ።

ከታክሲ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30

ድሮ ቢሆን ሁላችን አዋጥተን፣ ሁለት ሰው አብሮት ተሳፍሮ፣ ሬሳው አገሩ ይገባ ነበር። ከየሰፈሩ፣ ከኦሬንጅ ፋርምም ከቮስሎሩስም፣ የኛ ሰው ስንቱን ሸኝቷል። አሁን አውሮፕላን የለም። ቀባሪ ድርጅቱ «አይሆንም፣ እዚሁ፣ ቶሎ» አለን። ፓስተር ያለቅሳሉ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ቆሜአለሁ። የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያወቀ ሱፊያን ብቻ ነበር።

«እትዬ ሰርክአዲስ፣ እኛ ቶሎ መቅበር እናውቅበታለን። ለእኔ ተዉት» አለ። ወረቀቱን ጨረሰ፣ ቦታውን አስቆፈረ፣ «በኛ በኩል እናስቀብረው ወይ?» ብሎ ቀልዶ እንኳ አሳቀን። ጌዴዎን ቢሰማው ደስ ይለው ነበር።

ፕላስቲክ የለበሱ ስድስት ሰዎች አወረዱት። እኛ አጥሩ ጋ ነበርን። ፓስተር መዝሙር ጀመሩ፤ በማስክ ውስጥ መዝሙር ታፍኖ ይቀራል። የመቃብሩን ቁጥር እጄ ላይ ጻፍኩት። አሁን ደግሞ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ገልብጬዋለሁ። ቀብሩን ያስተካከሉት ሰዎች ሲጨርሱ አንዱ ወደኛ ዞሮ ጎንበስ አለ። የማያውቀውን ሰው አክብሮ ቀበረልን። አመሰገንኩት፤ አልሰማኝም።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 2

እናቱ ደወሉ። እማማ አስካለች።

የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ይሄ እዚህ ያለን ሁላችን የምናውቀው ነው። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ሄዶ፣ ሰው ደግፎ ይዞ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ሁላችንም አፋችንን ይዘናል። የአገር ቤቱ ኢንተርኔት መቋረጡም በጀን፤ አለዚያ ይሄኔ ፎቶው ከነሻማው ፌስቡክ ላይ ነበር።

«ልጄ ስልኩ አይነሳም» አሉኝ።

«ወድቆበት ተሰብሮ ነው፣ እማማ።»

«አንቺ ጋ መጥቶ አይደውልም እንዴ?»

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

«ብርድ ነው አሉ እናንተ ጋ። ጋቢ ይለብሳል?»

«ይለብሳል፣ እማማ።»

ይህን እንኳ አልዋሸሁም። ጋቢዬን ለብሶ ነው የሄደው።

እንደ እኔ የሚለፈልፍ ሰው እንዲህ አጭር አጭር ሲመልስ አይጠረጥሩም? ስልኩን ዘጋሁት። ሶልያና ጆሮዋ ላይ ያለውን አውልቃ አየችኝና «ማሚ፣ ይሄ ሮንግ ነው» አለችኝ። ባህል ነው አልኳት።

እሑድ፣ ሐምሌ 5

ፓስተር ሙሉቀን የፎንቆ ሽማግሌዎች ጋ ደወሉ። «በኮሮና ምክንያት መሰብሰብ ተከልክሏል፣ ሰው ቤት አንሄድም፣ ሲያልፍ እንነግራለን» አሏቸው። መቼ ነው የሚያልፈው? ፈርተው ነው። አልፈርድባቸውም።

ሱፊያን ሌላ ነገር ይዞ መጣ፤ አዲስ አበባ አንዳንድ ቢሮ ኢንተርኔት ሊጀምር ነው ይባላል። «ከተለቀቀ በሰዓታት ውስጥ ሁሉም ፎቶውን ይለጥፋል። ስንቱን አፍ ትይዣለሽ? እናትየው ከጎረቤት ስልክ ላይ የልጃቸውን ፎቶ ከሻማ ጋር ያዩታል» አለኝ።

ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ልጃቸውን በዚያ ዓይነት እንዲሰሙት አልፈልግም። ከኢንተርኔቱ መቅደም አለብን። ግን ማን?

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 7

እማማ አስካለች እንደገና። አላነሳሁም። ስልኩን ትራስ ሥር ከተትኩት። እዚያም ሆኖ ይጠራል።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

አባዬ ጋ የደወልኩት ምክር ልጠይቅ ነበር። ብቻ ምክር። «የፎንቆን ሽማግሌ የሚያስገድድ ሰው ታውቃለህ?» አልኩት። ሁሉን ሰማኝ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» እላለሁ።

«አለሁ» አለ። «እኔ እሄዳለሁ።»

«የት?»

«አስካለች ጋ ነዋ። ሥራዬ ነው።»

«የምን ሥራ?»

ከዚያ የነገረኝን፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት ልጁ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም። ከኮሪያ እንደተመለሱ መርዶ ሊያረዳ ከአንድ መቶ አለቃ ጋር ወደ እኛ አገር፣ ወደ ሆሳዕና በኩል፣ ላኩት። ከሞቱት ውስጥ ሰባቱ የወዲህ ልጆች ናቸው። መቶ አለቃው ወረቀቱን በአማርኛ ያነባል፤ እናቶቹ አማርኛ አይሰሙም። «ስለዚህ እሱ ያነባል፣ እናትየው ግን የምታየው የእኔን አፍ ነው» አለኝ። በበቅሎና በእግር ሰባት ቤት ዞሩ።

«መትረየሱስ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«የምን መትረየስ? እኔ ቃሬዛ ነበር የምሸከመው። እሱን አንቺ ነሽ ያመጣሽው። ደስ ብሎሽ ስታወሪው ዝም አልኩሽ።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አፈርኩ እንዳልል አላፈርኩም። ከዚያ በፊት የኮራሁበት ሁሉ ተደምሮ የዛሬውን አያክልም፤ ፎቶው ሥር ሄጄ ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ያው ነው፤ እኔ ነኝ በደንብ ያላየሁት።

ከዚያ ይመረምረኝ ጀመር። ቀብሩ የት ነው? ቁጥሩ ስንት ነው? ማን ጸለየለት? መጨረሻ ምን አለ? የት ተኝቶ፣ ምን ለብሶ? ሁሉን አስጻፈኝና መልሶ አስነበበኝ።

«ምን ይበላ ነበር?»

«እሱ ደግሞ ለምንህ ነው?»

«ሦስተኛዋ እናት ‹ልጄ መጨረሻ የበላው ምንድን ነው?› አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ንገሪኝ።»

ስለዚህ ያንን ወጥ ነገርኩት። በሩን ዘግተን፣ ሄተር ለኩሰን። ጨው ብጨምር ብጨምር እንዳልሰማኝ። ሜዳሊያው እንዳልሸተተኝ። ጌዴዎን ሦስቴ እንዳስጨመረ። እየሳቅሁ ነበር የጀመርኩት።

«አንቺን ጉንፋኑ የጀመረሽ መቼ ነው?» አለኝ።

«ማክሰኞ።»

«እሱንስ?»

«በሚቀጥለው ማክሰኞ።»

ስለ ታክሲው ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም።

«ሰባተኛው ቤት የሄድኩበት ልጅ» አለ፣ «የሞተ ዕለት ቃሬዛው ላይ ተራው የእኔ ነበር። ሆዴን አሞኝ እሱ ተተካልኝ። መቶ አለቃው ይህን ለእናትየው አትንገር አለኝ። ነገርኳት።»

«ምን አለችህ?»

«ከቤት አላስወጣችኝም።»

ከዚያ፣ «ይሄን የወጡን ነገር እኔ ልንገርልሽ ወይስ ራስሽ ትነግሪያታለሽ?» አለኝ።

ራሴ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 11

መርዶው ነገ ሊነጋጋ ሲል ነው። አባዬ ዛሬ በባጃጅ ፎንቆ ገብቶ ከአንድ የድሮ ጓደኛው ልጅ ቤት በረንዳ ላይ ያድራል፤ ቤት ውስጥ አልገባም አለ። ሐምሌ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተው አልኩት፣ አልቅሼ ለመንኩት። «የክብር ቀን መጣ፤ ማስኬን አወጣሁት» አለኝ።

አሁን እሱም አንድ ነገር ቢሆን? እኔ ነኝ የላክሁት። ይህንንም እኔ።

ሶልያና ሳትጠየቅ አጠገቤ መጥታ ተኛች።

እሑድ፣ ሐምሌ 12

ተነገረ።

ስልኩን ይዤ አነጋሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አባዬ ደወለ፣ በገዛ ካርዱ፣ ሚስኮል አይደለም።

ሦስት ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ደርድሮ፣ ነጩን የኮሪያ ማስክ አድርጎ፣ በከዘራው ጭቃውን እየወጋ ሲያልፍ የፎንቆ ሽማግሌዎች በየበራቸው ሆነው አዩት። ማንንም አልጠራም። መጀመሪያ አንዱ ነጠላውን አፉ ላይ አስሮ ወጣ። ከዚያ ሌላው። እማማ አስካለች በር ሲደርስ ከኋላው አስራ አንድ ሰው ነበር፣ አንዱ ካንዱ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቆ።

«በሰልፍ በለኛ!» አልኩት።

«ድሮም በመስመር ሲኬድ እንዲያ ነው፤ ተራርቀሽ ነው የምትሄጂው» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበር። ትንሽ። የእኔን ግን አትጠይቁኝ!

ለእማማ አስካለች በሀዲይኛ ነገራቸው። ቆመው ሰሙት፣ ከዚያ ተቀመጡ፣ ከዚያ ጮሁ። ሴቶቹ ደርሰው ያዟቸው። የመቃብሩን ቁጥር ሲነግራቸው ደግሞ እንዲነግራቸው ለመኑት፤ አራት ጊዜ አስደገሙት።

ከዚያ ስልኩን ሰጣቸው።

«ሰርክአዲስ» አሉኝ። ድምፃቸው የለም፣ አልቋል።

ለአባዬ የነገርኩትን ነገርኳቸው። ከማክሰኞው ጀምሬ። ምንም ሳላስቀር፣ ታክሲ ሳልል። በመስመሩ ውስጥ የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማኛል። ጨረስኩ። መቼም በሕይወቴ አውርቼ ስጨርስ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«በላው?» አሉኝ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ያን ወጥ። ጨው በዝቶበት፣ በላው?»

«በላው። ሦስቴ አስጨምሮ። እኛ ሁላችን ስንሸሽ እሱ ብቻ በላ።»

አንድ ነገር ሰማሁ፤ ልቅሶ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። እንባ የነከረው፣ የተሰበረ፣ ግን ሳቅ።

«እሱማ» አሉኝ፣ «ጨው አይጠላም። ልጅ ሆኖ ከላሞቹ ጋር ተጋፍቶ አሞሌ ሲልስ እየጎተትሁ ነበር የማነሳው።»

ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ እሳቸው እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ ስልኩን ሳንዘጋ። መጨረሻ ላይ «እሑድ እሑድ ደውይልኝ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሜዳሊያውን ከሳጥኑ አወጣሁት። ይሸታል። ለካ ሽታው የትም አልሄደም ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 16

ኢንተርኔት ተለቀቀ። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ንብ ቀፎ ይጮሃል። ጌዴዎን በየገጹ፣ ጌዴዎን ከሻማ ጋር፣ ጌዴዎን ከእርግብ ጋር። ከደርባንም ከኬፕታውንም ሰው እየተንጰረጰረ ይደውላል፤

«ኧረ እናቱ እንዳያዩ! ለእናቱ ተነግሯል?»

«ተነግሯል።»

«ማን ነገረ? በስልክ?»

«እንዴት በስልክ! በወጉ ነዋ፣ ጎህ ሲቀድ። ሃምሳ አለቃ ሀቢሶ ነው የነገረው። ሥራው ነው፤ ስምንተኛው ነው።» ይህን ለስንት ሰው እንደነገርኩ አልቆጠርኩም። ሶልያና «ማሚ፣ ይሄን እኮ ሰውየው ሳይጠይቅሽ ነው የነገርሽው» ትለኛለች። ይስማ።

አባዬ ዛሬ አስራ አንድ ሰው እየደወለ «ሃምሳ አለቃ፣ አላመመህም?» እያለ ሰላም እንደነሳው ነገረኝ። አልሳለም፣ አላተኮሰውም። እኔ ግን አስራ አራት ቀን እቆጥራለሁ።

ከፎንቆ ፎቶ ደረሰኝ። አባዬ እማማ አስካለች ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ነው። ሜዳሊያ፣ ከዘራ፣ ነጭ ማስክ። እሳቸው ከአግዳሚው ወዲያኛ ጫፍ፣ ተራርቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ሶልያና በትልቁ አሳተመችልኝና በገዛ እጇ ከመጀመሪያው ፎቶ ጎን ሰቀለችው። ጌዴዎን ይጮህብኝ በነበረው ግድግዳ በኩል ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎጎ ኖምሳ ዳቦ ልትገዛ መጣች። በፍርግርጉ ቀዳዳ አሻግራ ሁለቱን ፎቶ እያፈራረቀች አየች።

«ማማ፣ ይሄ ያው ወታደሩ አባትሽ ነው?»

«ያው ነው።»

«ይሄኛውስ የት ነው? ይሄም ኮሪያ ነው?»

«አይደለም ጎጎ» አልኳት። «ይሄኛው ፎንቆ ነው።»